የከተማ የረጅም ጊዜ የልቀት ቅነሳ ግብ፦ ስለ አዲስ አበባ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከተሞች የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀታቸውን ለመቀነስ ስለሚያስቀምጡት የሩቅ ጊዜ ግብ በተነጋገርን ቁጥር ተመላልሰው የሚመጡ ጥያቄዎች አሉ። አንዳንዶቹን በወረዳ ስብሰባ፣ አንዳንዶቹን ከተማሪዎች፣ ጥቂቶቹን ደግሞ ከራሳቸው ከዕቅድ ባለሙያዎች ሰምቻቸዋለሁ። መልሶቹ የሚያተኩሩት በአዲስ አበባ ላይ ነው። ኦስሎ፣ ኮፐንሃገን፣ ቶሮንቶና ዋሺንግተን የሚነሡት ከእኛ ቀድመው የሞከሩት ነገር ስለሚጠቅመን ነው።

አስቀድሞ አንድ ማስታወሻ። ተለይቶ ካልተነገረ በቀር እዚህ የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው። በአንድ ስብሰባ ላይ «2030 እኮ ገና ከአሥር ዓመት በላይ ይቀረዋል» ያለ ሰው ገጥሞኛል። በእኛ አቆጣጠር አስቦት ነበር። የጎርጎርዮሱ 2030 ግን ለእኛ 2022 እና 2023 ነው፤ ደጃፋችን ላይ ደርሷል። ስለዚህ ግብ የሚጽፍ ሁሉ ዓመቱን በሁለቱም አቆጣጠር ቢጽፍ መልካም ነው።

የረጅም ጊዜ የልቀት ቅነሳ ግብ ሲባል በትክክል ምን ማለት ነው?

አራት ነገሮች ተለይተው የተነገሩበት ቃል ማለት ነው፦ ከየትኛው ዓመት ተነሥቶ፣ እስከ የትኛው ዓመት፣ በምን ያህል መጠን፣ የትኞቹን የልቀት ምንጮች ጨምሮ። ኦስሎ በ2030 ልቀቷን ከ2009 መጠን በ95 በመቶ ለመቀነስ ወስናለች። ይህን ግብ ይዞ ማንም የከተማዋ ነዋሪ አስተዳደሩን «የት ደረሳችሁ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። «ንጹሕና አረንጓዴ ከተማ እንገነባለን» የሚለው ቃል ግን፣ ከልብ የተነገረ ቢሆን እንኳ፣ ማንንም በምንም አያስጠይቅም።

«የተጣራ ዜሮ» የሚለው አነጋገርም እንዲሁ ማብራሪያ ይፈልጋል። ትርጉሙ ከተማዋ ምንም አትለቅም ማለት አይደለም። የምትችለውን ያህል ከቀነሰች በኋላ የቀረውን ልቀት ከአየር ላይ በሚወገድ መጠን ታካክሳለች ማለት ነው። ምን ያህሉ በእውነተኛ ቅነሳ፣ ምን ያህሉ በማካካሻ እንደሚሸፈን ካልተነገረ «የተጣራ» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ሊደብቅ ይችላል።

ኢትዮጵያዊ የሚለቀው ከዓለም ዝቅተኛው ነው። አዲስ አበባ ለምን ግብ ታስቀምጣለች?

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የሚያነሡት ሰዎች አካባቢን የማይወዱ ተደርገው መታየት የለባቸውም። የነፍስ ወከፍ ልቀታችን በእርግጥ ከዓለም ዝቅተኞቹ አንዱ ነው። ዛሬ ያለውን ሙቀት ያመጣው በዋናነት ሌላ ክፍለ ዓለም ነው። በሦስት ድንጋይ ምድጃ የምታበስል እናት ከአንድ የአውሮፓ ከተማ ነዋሪ እኩል ቀንሺ መባል የለባትም።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። አዲስ አበባ ገና እየተሠራች ያለች ከተማ ናት። ዛሬ የሚፈሰው ኮንክሪትና የሚዘረጋው መንገድ ለሃምሳ ዓመት ይቆያል። ይህን ከኮንዶሚኒየም ግንባታ ታሪካችን መማር እንችላለን። ትልልቆቹ ሰፈሮች፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ የተገነቡት መሬት በተገኘበት በከተማው ዳር ነው። ሥራው፣ ገበያውና ቢሮው ግን መርካቶ፣ ሜክሲኮ፣ ፒያሳና ቦሌ ቀረ። ቤት የደረሰው ሰው በደስታ ገባ፤ በማግሥቱ ግን ከንጋቱ በፊት ተነሥቶ የሚኒባስ ሰልፍ መያዝ ነበረበት። ያን ጊዜ ቦታውን የመረጡት ባለሙያዎች ስለ ልቀት አላሰቡም ይሆናል። ሆኖም ለአሥርት ዓመታት የሚቃጠለውን ነዳጅ በአንድ ካርታ ላይ ወስነውታል። ሀብታም ከተሞች የሚታገሉት አንድ ጊዜ የተሳሳተውን ለማፍረስ ነው፤ እኛ ገና ሳይሳሳት ልናቀናው እንችላለን። የረጅም ጊዜ ግብ ለአዲስ አበባ የሚጠቅመው በዋናነት ለዚህ ነው፦ የዛሬን የመሬት አጠቃቀም ውሳኔ የሚመዝን ሚዛን ይሆናል።

ግባችን ከዛሬው ልቀት የሚቀንስ ነው ወይስ ከሚጠበቀው ዕድገት?

ይህ ልዩነት በደንብ መታወቅ አለበት፤ በጋዜጣ አርእስት ላይ ሁለቱም «50 በመቶ ቅነሳ» ተብለው ሊጻፉ ይችላሉና።

ያደጉ ከተሞች ብዙውን ጊዜ የሚቀንሱት ካለፈ ዓመት ተነሥተው ነው። በማደግ ላይ ያሉት ደግሞ «በተለመደው አካሄድ ብንቀጥል ኖሮ ወደፊት ይህን ያህል እንለቅ ነበር» ከሚል ትንበያ ይቀንሳሉ። ኢትዮጵያ በ2021 ያሻሻለችው አገራዊ ዕቅድ የሁለተኛው ዓይነት ነው። በተለመደው አካሄድ በ2030 ልቀቱ 403.5 ሚሊዮን ቶን ይደርስ ነበር ተብሎ፣ ከዚያ በ68.8 በመቶ እንዲቀንስ ታቅዷል። ከዚህ ውስጥ 14 በመቶው በራስ አቅም የሚፈጸም ነው፤ ቀሪው 54.8 በመቶ የውጭ ድጋፍ ከተገኘ ብቻ ነው።

በትንበያ ላይ የተመሠረተ ግብ ለታዳጊ ከተማ ፍትሐዊ ነው ብዬ አምናለሁ። አደጋው ግን ትንበያው ራሱ ነው። ለምሳሌ አንዲት ከተማ ዛሬ 10 ሚሊዮን ቶን ትለቃለች እንበል። ወደፊት 30 ሚሊዮን ይሆናል ብላ ተንብያ ከዚያ 50 በመቶ ብትቀንስ 15 ሚሊዮን ትለቃለች፤ ከዛሬው በግማሽ ጨመረች ማለት ነው። ትንበያውን ወደ 40 ሚሊዮን ከፍ ብታደርገው ደግሞ ያው 50 በመቶ 20 ሚሊዮን ይሆናል። ስለዚህ ከመቶኛው አጠገብ ሁልጊዜ ቶኑ ይጻፍ። በአገራዊው ዕቅድ ላይ ስሌቱን ብንሠራ በ2030 ወደ 126 ሚሊዮን ቶን ይቀራል። ከ68.8 በመቶው ይልቅ ይህ ቁጥር ለተራ አንባቢ ግልጽ ነው።

ልቀቱ የሚቆጠረው እንዴት ነው? ጭሱን የሚለካ መሣሪያ አለ?

የለም። በአብዛኛው የሚለካው እንቅስቃሴው ነው፤ ስንት ሊትር ነዳጅ ተሸጠ፣ ስንት ኪሎ ዋት ሰዓት ተበላ፣ ስንት ቶን ቆሻሻ ተጣለ ተብሎ። እያንዳንዱ በሚታወቅ ማባዣ ተባዝቶ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አቻ፣ ማለትም ያንኑ ያህል ወደሚያሞቅ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን፣ ይለወጣል። ከ2014 ጀምሮ ለከተሞች የጋራ የሆነ ዓለም አቀፍ የቆጠራ ደንብ አለ። ደንቡ ልቀትን በሦስት ይከፍላል፦ በከተማው ወሰን ውስጥ የሚለቀቅ፤ ከተማው በሚጠቀመው ኤሌክትሪክ ምክንያት ሌላ ቦታ የሚለቀቅ፤ በከተማው እንቅስቃሴ ምክንያት ከወሰኑ ውጭ የሚለቀቅ።

ይህ አከፋፈል የቢሮ ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ ግን በአዲስ አበባ ላይ ስናሳርፈው ብዙ ነገር ይገልጣል።

ሲሚንቶን እንይ። ከተማዋ በሲሚንቶ ትኖራለች፤ ፋብሪካዎቹ ግን ሙገር፣ ደርባና ሌሎች ቦታዎች ናቸው። ሲሚንቶ ሲመረት የኖራ ድንጋዩ ራሱ በሙቀት ተበትኖ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ይህ በከተማዋ የመጀመሪያ ክፍል ውስጥ አይገባም። ከሰልም እንዲሁ ነው። ለወጥና ለቡና የምንጠቀምበት ከሰል ከሩቅ በጭነት መኪና ይመጣል፤ ዛፉ የተቆረጠው በሌላ ክልል ነው። በደንቡ መሠረት ከእንጨት የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለብቻው የሚመዘገብ ሲሆን በድምሩ ውስጥ የሚገቡት ሚቴንና ናይትረስ ኦክሳይድ ናቸው። ቆጠራውን ብቻ የሚያይ ሰው የከሰልን ጉዳት አቅልሎ ሊያየው ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመኝ የአውሮፕላን ማረፊያው ነገር ነው። ቦሌ በከተማዋ እምብርት አጠገብ አለ። አዲሱ ትልቅ አውሮፕላን ማረፊያ የታቀደው ቢሾፍቱ አካባቢ ነው። በረራዎቹ ወደዚያ ሲዛወሩ አንድም ሊትር ነዳጅ ሳይቀንስ የአዲስ አበባ መዝገብ «የተሻሻለ» ሊመስል ይችላል። ወሰን ሲለወጥ የመነሻ ዓመቱም ቁጥር በአዲሱ ወሰን ተሰልቶ መስተካከል ያለበት ለዚህ ነው።

አንድ ለእኛ ብቻ የሆነ ችግር ልጨምር። የመሥሪያ ቤቶቻችን መረጃ የሚሰበሰበው በበጀት ዓመት፣ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። ዓለም አቀፉ ሪፖርት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ይጠበቃል። የነዳጁ መረጃ በአንዱ፣ የቆሻሻው በሌላው ከተሠራ ድምሩ የማንም ዓመት አይሆንም። መረጃው በወር በወር ከተያዘ ግን ወደፈለጉት አቆጣጠር መደመር ይቻላል።

ኤሌክትሪካችን ከውኃ ነው የሚመጣው። ይህ ነገሩን አያቀልልንም?

በአንድ በኩል ያቀልላል፤ በሌላ በኩል ያከብዳል።

ብዙ ከተሞች በሪፖርታቸው ትልቅ ቅነሳ ያሳዩት በኤሌክትሪክ ነው። ቶሮንቶ ጥሩ ምሳሌ ናት። ልቀቷ ከ1990 መጠን በብዙ ቀንሷል፤ ከዚህ ትልቅ ድርሻ ያለው ግን ከተማዋ የምትገኝበት የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር አስተዳደር የድንጋይ ከሰል ማመንጫዎችን መዝጋቱ ነው። የመጨረሻው በ2014 ተዘጋ። አዲስ አበባ እንዲህ ያለ ሲሳይ አይጠብቃትም፤ ኤሌክትሪኳ ከመነሻውም ንጹሕ ነውና ከዚያ የሚቀነስ ነገር የለም።

በሌላ በኩል ግን ከነዳጅ ወይም ከከሰል ወደ ኤሌክትሪክ የተዛወረ ሥራ ሁሉ ለእኛ ሙሉ ቅነሳ ነው። ከድንጋይ ከሰል ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ አገር በኤሌክትሪክ መኪና የሚያገኘው ጥቅም ከእኛ ያነሰ ነው። መንግሥት በ2024 መጀመሪያ የነዳጅ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. መመረቁ፣ ሁለቱም በዚህ ረገድ ለከተማዋ ትልቅ ዕድል ናቸው።

ሆኖም ዕድሉ የሚሰናከለው በሰፈር ትራንስፎርመር ላይ ነው። ግድቡ ቢሞላም መብራት በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚጠፋበት ቤት ከሰሉን ከጓዳ አያወጣም። ነጋዴውም ጄኔሬተሩን አይሸጥም። በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ የምትጋግር ሴት ሊጥ ተቦክቶ መብራት ሲጠፋ ምን እንደምታደርግ እናውቃለን። እንደ እኔ እምነት የሰፈሮችን የማከፋፈያ መስመር ማደስ በአዲስ አበባ የልቀት ዕቅድ ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ ተርታ መመዝገብ ያለበት ሥራ ነው፤ የኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ብቻ ተብሎ ሊተው አይገባም።

ቆሻሻ ያን ያህል ያስፈልጋል እንዴ?

ያስፈልጋል፤ ምናልባትም ከሁሉ ይልቅ።

የምግብ ትራፊና ሌላ በስባሽ ነገር አየር በሌለበት ተከምሮ ሲበሰብስ ሚቴን ይወጣል። ሚቴን በመቶ ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያህል፣ በ20 ዓመት ሲሰላ ደግሞ 80 እጥፍ ገደማ ያሞቃል። በሌላ አነጋገር ሚቴንን መቀነስ ውጤቱ በእኛ ዕድሜ የሚታይ ሥራ ነው።

ቆሼ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የከተማዋን ቆሻሻ ተሸክሟል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ እዚያው አጠገብ የሚኖሩ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ስለ ልቀት ግብ ስናወራ ይህን ቀን መርሳት የለብንም። ያ ክምር ለአየር ንብረት መጥፎ የሆነው ሰውን በገደለበት በዚያው ምክንያት ነው፤ ሳይለይ፣ ሳይታከም፣ ሳይጠጋጋ የተከመረ ስለነበር።

ከአደጋው በኋላ ሁለት ነገሮች ተሠርተዋል። በ2018 የረጲ የኃይል ማመንጫ ተመረቀ፤ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ ነው። በሌላ በኩል በጃፓን ፉኩኦካ የተፈለሰፈው ዘዴ በቆሼ ላይ ተሞከረ። ዘዴው በክምሩ ውስጥ ቧንቧ ዘርግቶ አየር እንዲዘዋወር ማድረግ ነው፤ አየር ሲገባ ሚቴን ይቀንሳል፤ ክምሩም ይረጋጋል። ርካሽና በአገር ውስጥ ዕቃ የሚሠራ ስለሆነ እኔ በጣም እወደዋለሁ።

ይሁንና ከእነዚህ ሁሉ በፊት የሚመጣው ነገር መለየት ነው። የአዲስ አበባ ቆሻሻ አብዛኛው እርጥብና በስባሽ ነው። እርጥብ ቆሻሻ በደንብ አይቃጠልም፤ ለማዳበሪያ ግን እጅግ ጥሩ ነው። በየቤቱ ሁለት ጆንያ ቢቀመጥና በየሰፈሩ የሚሰበስቡት ማኅበራት ለተለየው የተሻለ ክፍያ ቢያገኙ ከማንኛውም ትልቅ መሣሪያ ያልተናነሰ ውጤት ይመጣል።

ስለ ሰንዳፋም መናገር ግድ ነው። ቆሼን ይተካል የተባለው ዘመናዊ የቆሻሻ ማስወገጃ ከከተማዋ ወሰን ውጭ፣ ሰንዳፋ ላይ ተሠርቶ ሥራ ጀምሮ ነበር። በ2016 የአካባቢው ገበሬዎች ተቃውመው ተዘጋ፤ ቆሻሻውም ወደ ቆሼ ተመለሰ። በሚቀጥለው ዓመት ቆሼ ተናደ። የአንዲት ከተማ ግብ በጎረቤቶቿ መሬት ላይ የሚፈጸም ከሆነ እነዚያ ጎረቤቶች ግቡ ሲጻፍ ከጠረጴዛው ዙሪያ መቀመጥ አለባቸው። የሰንዳፋ ገበሬዎች ከብታቸውና ውኃቸው ሲበላሽ ዝም ማለት ነበረባቸው የሚል ሰው ካለ አልስማማም።

ትራንስፖርትስ? ሁሉም ሰው የኤሌክትሪክ መኪና ይግዛ ነው የምትሉት?

አይደለም። በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ግማሽ ያህሉ የሚደረገው በእግር ነው። ይህ ሕዝብ ዛሬም ምንም አይለቅም። የመጀመሪያው ሥራ እርሱን መጠበቅ ነው፤ ያልተቆራረጠ የእግረኛ መንገድ፣ የምሽት መብራት፣ መሻገሪያ። በቅርብ ዓመታት በኮሪደር ልማት የተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛና የብስክሌት መንገዶች በዚህ በኩል ጥሩ ናቸው። ነገር ግን ለእነርሱ ሲባል ወደ ከተማው ዳር የተዛወረ ነዋሪ ቀድሞ በእግሩ ይደርስበት ወደነበረው ሥራ በሁለት ታክሲ የሚሄድ ከሆነ ሒሳቡ እርሱንም መቁጠር አለበት።

ቀጥሎ የሕዝብ ማመላለሻ ነው። ቀላል ባቡሩ በ2015 ሥራ ሲጀምር በሁለት መስመር 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ተዘርግቶ፣ 41 ባቡሮች ነበሩት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አብዛኞቹ በመለዋወጫ እጥረት ቆሙ። ሐዲዱ አለ፣ ኤሌክትሪኩ አለ፣ ተሳፋሪው በፌርማታው ተሰልፎ አለ። የጎደለው ለመለዋወጫ በየዓመቱ የሚያዝ የውጭ ምንዛሪ ነበር። ስለዚህ የረጅም ጊዜ ግብ ሲጻፍ «አዲስ መስመር እንገነባለን» ከሚለው መስመር በላይ «ያለውን በዚህ ያህል ገንዘብ እንጠግናለን» የሚል መስመር ይጻፍ።

ብዙ ዛፍ ከተከልን አይበቃም?

አይበቃም። ዛፍ ለጥላ፣ ለጎርፍ መከላከያና ለእንጦጦ ተዳፋት እጅግ ያስፈልጋል፤ እኔም በየክረምቱ እተክላለሁ። ነገር ግን ችግኝ ካርቦን የሚይዘው በዝግታ፣ ከጸደቀ ብቻ፣ ደግሞም እስካልተቆረጠ ድረስ ነው። የነዳጁ ጭስ ግን የዛሬ ነው። ዛፍ በዕቅዱ ውስጥ ለብቻው ይመዝገብ፤ የተተከለው ሳይሆን የጸደቀው ይቆጠር።

ለምን 2050? እስከዚያ ማን ይኖራል?

ዓመቱ የተወሰደው ከሳይንስ ነው። የዓለም ሙቀት ጭማሪ ከ1.5 ዲግሪ እንዳያልፍ የዓለም ልቀት በ2030 ከ2019 በ43 በመቶ መቀነስ፣ የካርቦን ዳይኦክሳይዱም በ2050ዎቹ መጀመሪያ የተጣራ ዜሮ መድረስ እንዳለበት መንግሥታት ያቋቋሙት የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች ጉባኤ (አይፒሲሲ) አስልቷል።

የጥያቄው ሁለተኛ ክፍል ግን እውነት አለው። የ2050ን ግብ የሚፈርም ከንቲባ በ2050 በሥልጣን ላይ አይኖርም። ለዚህ ነው የመካከል ደረጃዎች የሚያስፈልጉት። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ዋሺንግተን ዲሲ ይህን በሕግ አድርጋዋለች። በ2022 የወጣው ሕጓ ልቀቷን ከ2006 መጠን በ2025 በ45፣ በ2030 በ60፣ በ2035 በ70፣ በ2040 በ85 በመቶ እንድትቀንስና በ2045 የተጣራ ዜሮ እንድትደርስ ያዝዛል። እያንዳንዱ የምርጫ ዘመን የራሱ የሆነ፣ ለሚቀጥለው የማይገፋ ድርሻ አለው።

ከተማዋ ሥልጣን በሌላት ነገር ላይ ግብ ማስቀመጥ ትችላለች?

የመኪና ቀረጥ፣ የነዳጅ ዋጋና የኃይል ማመንጫ በፌዴራል መንግሥት እጅ ናቸው። የመሬት አጠቃቀም፣ የግንባታ ፈቃድ፣ የከተማ አውቶቡስ፣ የመኪና ማቆሚያና ቆሻሻ በከተማዋ እጅ ናቸው። ሁለቱም በግቡ ውስጥ ይግቡ፤ ነገር ግን በሁለት ዓምድ ተለይተው። አለበለዚያ ሲሳካ ሁሉም የእኔ ነው ይላል፤ ሲበላሽ ሁሉም ወደ ሌላው ይጠቁማል።

ግቡ ወረቀት ላይ እንዳይቀር ምን ማድረግ ይቻላል?

እኔ የማውቀው ከሁሉ የተሻለ መልስ የኦስሎ ነው። ኦስሎ ከ2017 በጀቷ ጀምሮ የገንዘብ በጀትና የልቀት በጀት በአንድ ሰነድ ታወጣለች። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት በዚህ ዓመት ስንት ገንዘብ እንደሚያወጣ እንደሚነገረው ሁሉ በእርሱ ሥራ ስንት ቶን እንደሚቀነስም ይነገረዋል። ኃላፊነቱ የፋይናንስ ክፍሉም ጭምር ነው። የአካባቢ ጥበቃ ቢሮ ብቻውን ሲለምን የማይሰማው ሰው የበጀት ክፍሉ ሲጠይቀው ይሰማል፤ ይህ በእኛም አገር የታወቀ ነው። ይህን አሠራር ለመጀመር ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በሐምሌ የሚጸድቀው የከተማ በጀት ላይ አንድ ተጨማሪ ዓምድ ይበቃል።

ሁለተኛው የቶሮንቶ ነው። የቶሮንቶ ምክር ቤት በ1990 ልቀቱን እስከ 2005 ከ1988 መጠን በ20 በመቶ ለመቀነስ ሲወስን ከዓለም ከተሞች ቀዳሚ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ቀድሞ የእስር ቤት እርሻ የነበረ መሬት ሽያጭ ካስገኘው ገንዘብ 23 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር መድቦ ለዚሁ ሥራ ቋሚ ፈንድ አቋቋመ። ፈንዱ ከንቲባ ሲለዋወጥ አልጠፋም። መሬትን በሊዝ ለምታስተላልፍ ከተማ ይህ ልምድ በጣም ቅርብ ነው።

ግቡ ሳይሳካ ቢቀርስ?

ኮፐንሃገን በ2012 ባጸደቀችው ዕቅድ በ2025 ከዓለም ዋና ከተሞች የመጀመሪያዋ ካርቦን ገለልተኛ ልትሆን፣ ማለትም የተጣራ የካርቦን ልቀቷን ዜሮ ልታደርስ፣ ወስና ነበር። ልቀቷን ከ2005 ወዲህ ሦስት አራተኛ ገደማ ቀነሰች። የቀረውን ትልቅ ድርሻ ይወስዳል የተባለው ከአማገር የቆሻሻ ማቃጠያ ጭስ ላይ ካርቦን የሚይዝ ፋብሪካ ነበር። ማቃጠያውን የሚያስተዳድረው ድርጅት ለመንግሥት ድጎማ ለመወዳደር የሚጠየቀውን የገንዘብ አቅም መስፈርት ሳያሟላ ቀረ፤ በነሐሴ 2022 ከተማዋ ግቡ በጊዜው እንደማይሳካ በይፋ ተናገረች።

ኦስሎም ተመሳሳይ ፈተና ገጥሟታል። በክሌመትስሩድ ያለው ማቃጠያዋ ከከተማዋ ትልቁ የልቀት ምንጭ ነው፤ ካርቦን የሚይዘው ግንባታ በ2023 በዋጋ ንረት ቆሞ በ2025 እንደገና ተጀመረ። ከሁለቱ የምማረው ግብን በአንድ ትልቅ ፋብሪካ ላይ መስቀል አደገኛ መሆኑን ነው። ሆኖም ኮፐንሃገንን አልነቅፋትም። ቀነ ገደቡ ሦስት ዓመት ሲቀረው እውነቱን ተናግራለች፤ ሕዝቡም የትኛው ክፍል እንደጎደለ በቁጥር አውቋል።

አዲስ አበባ አሁን የት ላይ ናት?

አዲስ አበባ በአየር ንብረት ጉዳይ በጋራ የሚሠሩ የዓለም ትልልቅ ከተሞች ያቋቋሙት የሲ-40 ኅብረት አባል ናት፤ ከ2021 እስከ 2025 የሚዘልቅ የአየር ንብረት የድርጊት መርሐ ግብር አዘጋጅታም ነበር። ያ ዘመን አልቋል። በ2027 ደግሞ 32ኛው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ እዚሁ ይካሄዳል። ብዙ አዳዲስ ቃሎች የሚገቡበት ወቅት እንደሚሆን ይጠበቃል።

እኔ የምጠይቀው ከአዲሱ ቃል በፊት ያለፈው አምስት ዓመት ሒሳብ እንዲወጣ ነው። ከታቀዱት ሥራዎች የትኞቹ ተሠሩ? የትኞቹ ቀሩ፣ በምን ምክንያት? ስንት ቶን ተቀነሰ? ስንት ብር ወጣ? ሰነዱ በእንግሊዝኛ ለእንግዶች ብቻ ሳይሆን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ታትሞ በየወረዳው ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ፤ ቆሼ አጠገብ የምትኖር እናትም፣ ሰንዳፋ ያለ ገበሬም ገብቶ እንዲያነበው።